ኮኔክሽን ይቆጠራል፦ ጁባ ላይ ለተሰበሰቡ ወገኖች የቀረበ ዲስኩር

በዚች ከተማ ሱቅ የከፈታችሁ፣ ሆቴል የምታስተዳድሩ፣ ጅምላ የምታከፋፍሉ፣ ሶፍትዌር የምትጽፉ ወገኖቼ፣ የዛሬው ርዕሴ ስሙ ሲጠራ ደረቅ ነው፤ ሰርቨርለስ የሚባለውን የፕሮግራም አሠራር ክላውድ ላይ ከተቀመጠ ዳታቤዝ ጋር ስለ ማገናኘት ነው። ጀነሬተሩ እስኪጠፋ ድረስ ታገሡኝ። ዓመተ ምሕረቱንም በዚህ አገር ልማድ፣ እንደ አውሮፓውያን እየቆጠርኩ እሄዳለሁ።

መጀመሪያ ለምን ክላውድ እንደምንል ላንሣ። ሰርቨር ከባንኮኒ ሥር አስቀምጦ መሥራት ይቻላል፤ የሚሠሩም አሉ። ከ2019 መጨረሻ ጀምሮ ኤዝራ የተባለው ኩባንያ 33 ሜጋ ዋት ማመንጫ ለከተማዋ መብራት መስጠት ጀምሯል፤ ይሁን እንጂ መብራት መጣ ብሎ ጀነሬተሩን የሸጠ ነጋዴ አላየሁም። መብራቱ ይቅር። በሐምሌ 2016 ከተማዋ በተኩስ ስትታመስ የዓለም ምግብ ፕሮግራም ዋና መጋዘን ተዘርፎ ከ4,500 ቶን በላይ ምግብ ሄዷል። ያን የሚያህል ድርጅት ዕቃውን ማዳን ካልቻለ፣ የእኛ ሱቅ የዱቤ ደብተር በምን ይድናል? ሱቅ ሲሰበር ዕቃው ብቻ አይደለም የሚሄደው፤ ማን ስንት እንዳለበት የተጻፈበትም አብሮ ይሄዳል። ዕቃ በብድርም ቢሆን ይተካል። የዱቤ መዝገብ ግን ከተበዳሪዎቹ ሕሊና በቀር ምትክ የለውም።

ክላውድ ላይ ያለ፣ አቅራቢው የሚያስተዳድረው ዳታቤዝ እዚህ ላይ ይጠቅማል። አማዞን አርዲኤስ የሚለውን አገልግሎት የጀመረው በ2009 ነው፤ ጉግልም ማይክሮሶፍትም የየራሳቸው አላቸው። ማሽኑን፣ ዲስኩን፣ ማሻሻያውን፣ ቅጂውን እነሱ ይይዛሉ። ቅጂው እስከ 35 ቀን ሊቆይ ይችላል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ወደ ፈለግነው ሰዓት መልሰን ልናስነሣው እንችላለን። ትናንት ከሰዓት በኋላ አንድ ልጅ በስህተት የዋጋ ሰንጠረዡን ቢያጠፋ፣ ከማጥፋቱ ከአንድ ደቂቃ በፊት የነበረውን ማውጣት ይቻላል ማለት ነው።

ሰርቨርለስ ደግሞ ሌላው ወገን ነው። አማዞን ላምዳን በኅዳር 2014 ሲያስተዋውቅ ነገሩ በሰፊው ታወቀ። ፕሮግራማችሁን ቆርጣችሁ አንድ ሥራ ብቻ የሚሠራ ፈንክሽን አድርጋችሁ ትሰጣላችሁ፤ ጥያቄ ሲመጣ ይነሣል፣ ይመልሳል፣ ጥያቄ ከሌለ አይኖርም። ሒሳቡ በሠራበት ሚሊሰከንድ ልክ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ደንበኛ ለሌለው ሱቅ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ተኝቶ ለሚያድር ማሽን ዶላር አይከፈልም።

ሁለቱም ለየብቻቸው መልካም ናቸው፤ ችግሩ ሲጋጠሙ ነው። ከድንበሩ ከተማ ከኒሙሌ የገባ ካሚዮን ሲራገፍ አስቡ። ካሚዮን ሲመጣ የቀን ሠራተኛ ይጠራል፤ አንድ ካሚዮን ከሆነ አምስት ሰው፣ አሥር ከሆነ ሃምሳ። ሥራው ሲያልቅ ይበተናሉ። ፈንክሽን ማለት እንዲህ ያለ ሠራተኛ ነው። ዳታቤዙ ግን መጋዘን ጠባቂው ነው፤ አንድ ሰው ነው፣ ዓመቱን ሙሉ እዚያው ነው፣ ለያንዳንዱ ሠራተኛ ስሙን ጠይቆ፣ መታወቂያ አይቶ፣ ቁልፍ ቆጥሮ ይሰጣል። መቶ ቁልፍ ካለው መቶ አንደኛው ሰው ደጅ ይቆማል። ቁልፍ ያልኩት ኮኔክሽን ነው።

ቁጥሮቹን ልንገራችሁ። ፖስትግሬስ የሚባለው ዳታቤዝ ማንም ሳይነካው በተፈጥሮው 100 ኮኔክሽን ይቀበላል፤ ማይኤስኪውኤል 151። ላምዳ በአንጻሩ በአንድ አካውንት እስከ 1,000 ፈንክሽን በአንድ ጊዜ ማስነሣት የተለመደ ጣሪያው ነው። አንድ ሺህ ሠራተኛ፣ አንድ መቶ ቁልፍ። ፖስትግሬስ ለያንዳንዱ ኮኔክሽን ራሱን የቻለ ፕሮሰስ ስለሚከፍት ቁጥሩን ዝም ብሎ ማሳደግም አያዋጣም፤ እያንዳንዱ ሜሞሪ ይበላል፣ አንድ ጊጋባይት ባላት ትንሽ ማሽን ላይ ደግሞ የሚበላው ብዙ የለም።

ይህ በተግባር ምን እንደሚመስል እንይ። በኮንዮ ኮንዮ ገበያ ዘይት፣ ስኳርና ዱቄት የሚያከፋፍል አንድ ነጋዴ አለ እንበል። ቅዳሜ ጠዋት የሳምንቱን ዋጋ ለሦስት መቶ ባለ ሱቆች በስልክ ይልካል። መልእክቱ እንደ ደረሰ ሙኑኪ ያለውም፣ ጉደሌ ያለውም፣ ካቶር ያለውም በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሊንኩን ይነካል፤ ዋጋው ሳይቀየር ማዘዝ ነዋ። ሦስት መቶ ፈንክሽን ይነሣል። የመጀመሪያዎቹ ዘጠና ምናምኑ ይገባሉ። ለቀሩት ፖስትግሬስ አንድ መልስ አለው፤ መልሱ በይቅርታ ይጀምራል፦ ይቅርታ፣ ደንበኛ በዝቷል። ትሕትናው ደስ ይላል፤ ነገር ግን ባለ ሱቁ የሚያየው ነጭ ስክሪን ብቻ ነው፣ ስለዚህ እንደገና ይነካዋል። አሁን አራት መቶ ሆኑ።

ነጋዴው ሲስተሙ ወደቀ ብሎ ይደውላል። ባለሙያው ገብቶ ግራፉን ሲያይ የዳታቤዙ ፕሮሰሰር ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል። ከአሥር በመቶ በላይ አልሠራም። ዲስኩም እንዲሁ። ያለቀው ኮኔክሽን ብቻ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ቦታ ላይ የሚያደርገው ትልቅ ማሽን መግዛት ነው፤ ማሽኑ ሲያድግ የቁልፉ ቁጥርም ስለሚያድግ ለሁለት ቅዳሜ ይሠራለታል፣ ከዚያ ደንበኛው ሲጨምር እዚያው ይመለሳል፤ በየወሩ የሚከፍለው ግን እጥፍ ሆኗል።

ከዚህ የባሰው ነገር ግን በዓይን የማይታየው ነው። ላምዳ ሥራውን የጨረሰ ፈንክሽን ወዲያው አይገድልም፤ ሌላ ጥያቄ ቢመጣ ቶሎ እንዲነሣ በቆመበት ያደነዝዘዋል። ሠራተኛው ቁልፉን ኪሱ እንደያዘ ደንዝዞ ቆመ ማለት ነው። ጠባቂው ቁልፌ ሰው እጅ ነው ብሎ ይጠብቃል፤ ሰውየው ግን የለም። ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ማንም ሳያዝ ኮኔክሽኑ ሞልቶ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ከሁሉ በፊት ኮዱ ላይ ያለውን እናስተካክል፤ ገንዘብ ስለማያስወጣ። ኮኔክሽኑ የሚከፈተው ለጥያቄ መልስ በሚሰጠው የፈንክሽኑ ክፍል ውስጥ ሳይሆን ከእሱ ውጭ፣ ፕሮግራሙ ገና ሲነሣ በሚነበበው ቦታ ላይ ይሁን። ያኔ ያው ፈንክሽን ሁለተኛ ጥያቄ ሲደርሰው የያዘውን ኮኔክሽን ይጠቀማል፣ አዲስ አይጠይቅም። ኖድ ላይ የምትጽፉ ልጆች ይህን ስሙኝ፦ የተለመደው የፖስትግሬስ ላይብረሪ ፑሉ፣ ማለትም የኮኔክሽን ማቆያ ቋቱ፣ ያለ ትእዛዝ እስከ 10 ኮኔክሽን ይከፍታል። ለአንድ ትልቅ ሰርቨር ተብሎ የተመረጠ ቁጥር ነው። አንድ የላምዳ ፈንክሽን በአንድ ጊዜ የሚያስተናግደው አንድ ጥያቄ ስለሆነ አንድ ይበቃዋል። 10ን 1 አድርጉት፤ አንድ መስመር ነው።

ቀጥሎ ጣሪያ ማበጀት። ላምዳ ላይ ይህ ፈንክሽን በአንድ ጊዜ ከ60 አይበልጥ ብሎ መወሰን ይቻላል። ስልሳ ሰው ይሠራል፣ የቀረው ጥቂት ሰከንድ ይጠብቃል ወይም ቆይተህ ሞክር ይባላል። ስልኩ ላይ ያለው ፕሮግራም ያን መልስ ተቀብሎ ራሱ ጥቂት ቆይቶ ደግሞ እንዲሞክር አድርጎ መጻፍ የእኛ ፈንታ ነው። ሦስት መቶ ባለ ሱቅ ላለው ነጋዴ፣ እንደኔ እንደኔ፣ እስከዚህ ድረስ ያለው ከበቂ በላይ ነው። አንድ ጥያቄ በሃምሳ ሚሊሰከንድ የሚመለስ ከሆነ ስልሳ ፈንክሽን በአንድ ሰከንድ ከሺህ በላይ ጥያቄ ያስተናግዳል። የጁባ የዘይት ገበያ ያን ያህል አይጣደፍም።

ይህ ሲያንስ ነው በመካከል ፕሮክሲ የሚቆመው። ብዙ ሠራተኛ ተቀብሎ፣ ከዳታቤዙ ጋር ግን ጥቂት ኮኔክሽን ብቻ ከፍቶ፣ እያፈራረቀ የሚያሠራ ነው። ፒጂባውንሰር የተባለው ከስካይፕ መሐንዲሶች እጅ በ2007 የወጣ ነጻ ፕሮግራም እስከ ዛሬ ያገለግላል። አማዞን ደግሞ በሰኔ 2020 አርዲኤስ ፕሮክሲን አውጥቷል። መልካም ነው፣ ግን ዋጋውን እዩ፦ በቨርጂኒያ ተመን ትንሿ የፖስትግሬስ ማሽን በወር አሥራ ሁለት ዶላር ገደማ ስትሆን፣ ለእሷ የሚቆመው ፕሮክሲ ሃያ ሁለት ገደማ ነው። ዘበኛው ከሱቁ ኪራይ በለጠ። በዚያ ላይ ፕሮክሲው ኮኔክሽኑን ማፈራረቅ የሚችለው ፕሮግራማችሁ ኮኔክሽኑ ላይ የራሱን ምልክት ካልተወበት ብቻ ነው፤ ጊዜያዊ ሰንጠረዥ ከፈጠራችሁ ወይም የኮኔክሽኑን ባሕርይ ከቀየራችሁ ያ ኮኔክሽን ለአንድ ፈንክሽን ተቸንክሮ ይቀራል፣ የከፈላችሁበትም ጥቅም ይቀራል።

ጭራሽ ኮኔክሽን የማይጠይቅ ዳታቤዝም አለ። ዳይናሞዲቢ እያንዳንዱን ጥያቄ እንደ ተራ የድረ ገጽ ጥያቄ ስለሚቀበል ሺህ ፈንክሽን ቢመጣበት ቁልፍ አይቆጥርም። ነገር ግን የዱቤ ሒሳብ፣ የደንበኛ ቀሪ፣ የወር ማጠቃለያ ለሚፈልግ ነጋዴ ፖስትግሬስን ትቶ ወደዚያ መሄድን አልመክርም። ዛሬ ያላሰባችሁትን ጥያቄ ነገ የሒሳብ ሠራተኛው ሲጠይቃችሁ ትቸገራላችሁ።

አሁን ወደ ርቀት እንሂድ፤ ጁባ ላይ ነንና። ይህች ከተማ ከባሕር ሩቅ ናት። በ2020 መጀመሪያ ሊኩዊድ ቴሌኮም ፋይበር ከኡጋንዳ ድንበር እስከ ጁባ እስኪያስገባ ድረስ ኢንተርኔታችን በአመዛኙ ከሳተላይት ነበር፣ ዋጋውም እንደዚያው። አሁንም መስመሩ በአመዛኙ በኡጋንዳና በኬንያ አልፎ ሞምባሳ ደርሶ ነው ባሕር የሚገባው። ዳታቤዝ ሲከፈት ሪጅን፣ ማለትም ዳታቤዙ የሚቀመጥበትን አካባቢ፣ ምረጡ ትባላላችሁ። አማዞን በኬፕታውን ከሚያዝያ 2020 ጀምሮ አለ፤ ማይክሮሶፍት በደቡብ አፍሪካ ከ2019፣ ጉግል በጆሃንስበርግ ከ2024 ጀምሮ። ብዙ ሰው ግን በልማድ ፍራንክፈርትን ወይም አየርላንድን ይመርጣል።

ብርሃን በፋይበር ውስጥ ሲሄድ ለደርሶ መልስ በየመቶ ኪሎሜትሩ አንድ ሚሊሰከንድ ያህል ይወስዳል። ከጁባ ኬፕታውን በቀጥታ መስመር 4,500 ኪሎሜትር ገደማ ነው፣ ፍራንክፈርት 5,500 ገደማ። ልዩነቱ በሥራ ላይ ያን ያህል አይደለም፤ ሁለቱንም መምረጥ ይቻላል። ሊደረግ የማይገባው ፈንክሽኑን አንዱ ጋ ዳታቤዙን ሌላው ጋ ማስቀመጥ ነው። ሰዎች አውቀው አያደርጉትም፤ ዳታቤዙን አንድ ባለሙያ ዓምና ኬፕታውን ከፍቶ፣ ፈንክሽኑን ሌላ ልጅ ዘንድሮ የለመደበት ፍራንክፈርት ሲጭን ነው የሚሆነው። በሁለቱ መካከል ከ9,000 ኪሎሜትር በላይ አለ፤ ብርሃኑ በቀጥታ ቢሄድ እንኳ ደርሶ መልሱ ከ90 ሚሊሰከንድ አያንስም። አዲስ ኮኔክሽን ሲከፈት ሰላምታው፣ ምስጠራው፣ የይለፍ ቃል ማረጋገጫው ተደምሮ ስድስት ሰባት ጊዜ ያመላልሳል። አንድም ጥያቄ ሳይጠየቅ ከግማሽ ሰከንድ በላይ ሄደ። ከዚያ ትእዛዙን ለመመዝገብ አሥር ጥያቄ ካስፈለገ ሌላ አንድ ሰከንድ ገደማ። ፈንክሽኑ ተቀምጦ ሲጠብቅ ደግሞ በሚሊሰከንዱ ትከፍላላችሁ፣ ያ ሁሉ ጊዜም ቁልፉን ይዞ ነው።

ፈንክሽኑና ዳታቤዙ ጎን ለጎን ከሆኑ ግን እነዚያ አሥር ጥያቄዎች በጥቂት ሚሊሰከንድ ያልቃሉ፤ ከጁባ ያለውን ረጅም መንገድ ባለ ሱቁ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚሄደው።

መንገዱ ይቆረጣል? ይቆረጣል። በየካቲት 2024 ቀይ ባሕር ውስጥ ሲኮምን ጨምሮ ኬብሎች ተቆርጠው ወደ አውሮፓ የሚሄደው ተጎዳ። በዚያው ዓመት ግንቦት ደግሞ ኢሲ (EASSy) የተባለው ኬብል እና ሲኮም በሞዛምቢክና በደቡብ አፍሪካ መካከል ተቆርጠው በምሥራቅ አፍሪካ ኢንተርኔቱ ተንቀራፈፈ። አንዱ ኬብል ወደ ሰሜን፣ አንዱ ወደ ደቡብ፣ በሦስት ወር ውስጥ ሁለቱም። ስለዚህ የትኛው ሪጅን አይቋረጥም ብሎ መጨቃጨቅ ትርፉ ድካም ነው። ይልቅ ሲቋረጥ ምን ይሆናል የሚለውን እንጠይቅ፤ እኔን ዛሬ እዚህ ያቆመኝም በዋናነት ይህ ጥያቄ ነው።

ጉደሌ ያለች አንዲት ባለ ሱቅ ሃያ ካርቶን ዘይት አዘዘች እንበል። ላክ የሚለውን ነካች። ትእዛዙ ከስልኳ ወጥቶ ደረሰ፣ ፈንክሽኑ ዳታቤዙ ላይ መዘገበው፣ መልሱ ግን ተመልሶ ሳይመጣ ኔትወርኩ ጠፋ። ስልኩ ላይ ያለችው ትንሽ ክብ ትሽከረከራለች። ደግማ ነካች። ኔትወርኩ ተመለሰ፣ ሁለተኛውም ተመዘገበ። ለእርግጠኝነት ሦስተኛ ነካች። ከሰዓት በኋላ ስልሳ ካርቶን የጫነ ባጃጅና ፒክአፕ በሯ ላይ ቆመ። እሷ ሃያ ነው ያልኩት ትላለች፣ አከፋፋዩ ሲስተሙ ስልሳ ይላል ይላል፤ ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

መድኃኒቱ ቀላል ነው፣ ግን ከዳታቤዙ መጀመር አለበት። ትእዛዙ ገና ስልኳ ላይ ሲጻፍ ስልኩ የማይደገም ረጅም ቁጥር ይስጠው፤ ደግማ ስትነካ ያው ቁጥር ይሂድ። ዳታቤዙ ላይ ያ ዓምድ ድግግሞሽ አይቀበልም ተብሎ ይደንገግ። ፖስትግሬስ ከ9.5 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2016 መጀመሪያ ወዲህ፣ መዝግብ፣ ከነበረ ግን እለፈው የሚል ትእዛዝ አለው፤ ኦን ኮንፍሊክት ዱ ናቲንግ ይባላል። ሦስቴ ብትነካ አንድ ትእዛዝ ይመዘገባል፣ ሦስቴም ተሳክቷል የሚል መልስ ይላክላታል። አንዳንድ ልጆች ይህን ፈንክሽኑ ውስጥ ያደርጉታል፦ መጀመሪያ አለ ወይ ብሎ ጠይቆ፣ ከሌለ መመዝገብ። ሁለት ፈንክሽን በአንድ ቅጽበት አለ ወይ ብለው ቢጠይቁ ሁለቱም የለም ይባላሉ፣ ሁለቱም ይመዘግባሉ። ፈንክሽኖች እርስ በርሳቸው አይተዋወቁም። ቆጥሮ መያዝ የሚችለው ዳታቤዙ ብቻ ነው።

ስለ ደኅንነት አጭር ላድርገው። ዳታቤዙን ለዓለም ሁሉ ከፍቶ፣ ፓስወርዱን ኮዱ ውስጥ ጽፎ መጫን ፈጣኑ መንገድ ነው፣ እውነት ነው ይሠራል። ነገር ግን የፖስትግሬስ ፖርት 5432 ክፍት ሆኖ ኢንተርኔት ላይ በታየ በሰዓታት ውስጥ ከማታውቁት አገር የፓስወርድ ሙከራ ይጀመርበታል። ፈንክሽኑንና ዳታቤዙን በአንድ የግል ኔትወርክ ውስጥ አስገቧቸው። ዱሮ ይህን ስታደርጉ ፈንክሽኑ ለመነሣት አሥር ሰከንድና ከዚያ በላይ ይፈጅ ነበር፤ አማዞን ከመስከረም 2019 ጀምሮ አስተካክሎታል፣ እስከ ዛሬ ያን ምክንያት የሚሰጣችሁ ሰው ያነበበው አሮጌ ጽሑፍ ነው። ፓስወርዱንም በ15 ደቂቃ የሚሞት ጊዜያዊ ቶክን መተካት ይቻላል። አንድ ጉዳይ ብቻ ተጠንቀቁ፦ ከግል ኔትወርኩ ውስጥ ሆኖ ወደ ውጭ ኢንተርኔት መውጣት ለሚያስፈልገው ፈንክሽን፣ ለምሳሌ ኤስኤምኤስ ለሚልክ፣ ናት ጌትዌይ የሚባል የኔትወርክ መውጫ ይጠይቃችኋል፤ እሱ ብቻውን በቨርጂኒያ ተመን በወር ከሠላሳ ዶላር በላይ ነው። ኤስኤምኤስ የሚልከውን ፈንክሽን ለይታችሁ ከውጭ አስቀምጡት፣ ከዳታቤዙ ጋር ምን አለው።

የመጨረሻው ስለ ሰዓት ነው፤ ይህ የጁባ ጉዳይ ስለሆነ አልተወውም። ደቡብ ሱዳን እ.ኤ.አ. የካቲት 1 ቀን 2021፣ በኛ ጥር 24 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ ሰዓቷን በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ መልሳለች። ከዚያ በፊት ከአዲስ አበባና ከናይሮቢ ጋር እኩል ነበርን፤ አሁን እነሱ በአንድ ሰዓት ይቀድሙናል። ፈንክሽኖቹ የሚያውቁት የዓለሙን መነሻ ሰዓት ብቻ ነው። ዳታቤዙም በዚያው ይመዝግብ። ወደ ጁባ ሰዓት የሚቀየረው ሲታይ ብቻ፣ አፍሪካ ጁባ በሚለው የሰዓት ክልል ስም ይሁን እንጂ ሦስት ሰዓት ደምር ተብሎ በእጅ በተጻፈ ቁጥር አይሁን። ሦስት የደመረው ፕሮግራም ከምሽቱ 5 ሰዓት ተኩል፣ በዚህ አገር አጠራር 23:30 ላይ የመጣውን ትእዛዝ ለነገ ይቆጥረዋል፤ የቀኑ ሽያጭ ማታ ከካዝናው ጋር አይገጥምም፣ ጠዋት ደግሞ ትርፍ ይወጣል። ካሸሩ ይጠረጠራል። ስንት ሰው በዚህ ተጣልቶ ይሆን?

በዚህ ላይ የእኛው አቆጣጠር አለ። ጁባ ላይ ያለው ባለ ሱቅ ትእዛዙን 3 ሰዓት ላይ ላክሁ ይላል፣ አዲስ አበባ ያለው ሒሳብ ሠራተኛ ያንኑ 4 ሰዓት ይለዋል፣ ደረሰኙ 09:00 ይላል፣ ዳታቤዙ ውስጥ ያለው 07:00 ነው። አራቱም ትክክል ናቸው። ደረሰኙ ላይ የጁባን ሰዓት ጻፉ፣ ከጎኑ ጁባ ብላችሁ ጨምሩበት፤ የኢትዮጵያ አቆጣጠር ለሚፈልግ ደንበኛ ስክሪኑ ላይ ምርጫ ስጡት፣ ዳታቤዙን ግን አትንኩበት።

ላፕቶፔ ላይ አንድ ትንሽ ፖስትግሬስ ከፍቻለሁ፤ ሁለት መቶ ጥያቄ በአንድ ጊዜ ልልክበትና ፒጂ ስታት አክቲቪቲ የሚባለው ሰንጠረዥ ውስጥ ኮኔክሽኑ ሲሞላ ግድግዳው ላይ አሳያችኋለሁ። መጀመሪያ ፑሉ 10 ሆኖ፣ ቀጥሎ 1 ሆኖ። እሱን እያያችሁ ጥያቄያችሁን መጀመር ትችላላችሁ፤ ማይኩ ከኋላ ይጀምር።